አዲሲቱ ፒክአፓችንና ሰማያዊው ደብተር

ከአንዲት የ12ኛ ክፍል ተማሪ

«ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገድሉ ጎፈሬ» የሚለውን ተረት ከልጅነታችን ጀምሮ ያልሰማ ከመካከላችን የለም። እኔም በቃሌ አውቀው ነበር፤ ትርጉሙን የተማርሁት ግን በቤታችን በደረሰው ነገር ነው። ነገሩም የመኪና ብልሽት ነው። መኪና ተበላሽታ ተሠራች ቢባል ለመጽሔት የሚበቃ ታሪክ አይደለም ትሉ ይሆናል፤ ሆኖም በዚች መኪና ምክንያት ሁለት ወንድማማቾች ከሁለት ወር በላይ ሳይነጋገሩ ኖረዋል፤ የታረቁትም በአንድ አሮጌ ደብተር ምክንያት ነው። ስለዚህ እስከ መጨረሻው እንድትሰሙኝ እለምናለሁ።

ቤታችን በጉለሌ፣ ከሩፋኤል ቤተ ክርስቲያን ብዙ ሳይርቅ ነው። የጉለሌ ሰው እንዴት እንደሚኖር የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ በሽሮ ሜዳ ሸማኔው ከመወርወሪያው ጋር፣ በቀጨኔ ሸክላ ሠሪዋ ከጭቃዋ ጋር ስትታገል ትውላለች፤ ከእንጦጦም እናቶች በጀርባቸው እንጨት ተሸክመው ይወርዳሉ። የእኛ ቤት እንጀራ ደግሞ የሚመጣው ከእንጦጦ ወዲያ ማዶ፣ ከሱሉልታ ሜዳ ነው። አባቴ የወተት ነጋዴ ነው። ሌሊት ተነሥቶ በአዲሱ ገበያ በኩል የጎጃምን መንገድ ይዞ ተራራውን ይሻገራል፤ ከገበሬዎቹ ወተቱን ተረክቦም ከተማው ቁርሱን ሳይበላ ይመለሳል።

ይህንን ሥራ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የሠራው በሰው መኪና ነበር። ከሚያገኘው ትርፍ አብዛኛው ለኪራይ ይሄድ ነበር። በመጨረሻ እቁብ ደረሰው፤ እናቴ ያጠራቀመችው ተጨመረበት፤ የጎደለውንም ከባንክ ተበደረ። በጥር ወር 2015 ዓ.ም.፣ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ፣ አንዲት ነጭ ፒክአፕ ገዝቶ ወደ ቤት ገባ። አዲስ ነበረች፤ በወንበሮቿ ላይ ያለው ላስቲክ እንኳ ገና አልተገፈፈም። እናቴ ቡና አፈላች፤ ጎረቤትም ተሰብስቦ «የሥራ ያድርግላችሁ፣ ከክፉ ነገር ይጠብቃችሁ» እያለ መረቀ። መኪናይቱን የሸጠልንን ድርጅት ስም አልጠራም፤ ነገሩ በሰላም አልቋልና።

ነጂው አጎቴ ነበር። አጎቴ የአባቴ ታናሽ ወንድም ነው። ቀድሞ በአንድ የጭነት መኪና ላይ በወር ደመወዝ ይሠራ ነበር፤ አባቴ «ወንድሜ እያለ መኪናዬን ለባዕድ አልሰጥም» ስላለው ያንን ሥራ ትቶ መጣ። አጎቴ የሞተርን ድምፅ እንደ ሰው ንግግር ያዳምጣል። የጋራዥን ቋንቋ ያስተማረኝም እርሱ ነው። ፍሬን፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ኩሽኔታ፣ ቺንጊያ የምንላቸው ቃላት ሁሉ ከጣሊያንኛ የመጡ መሆናቸውን ነግሮኝ፣ «ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ተባሮ ሲወጣ ቃሎቹን ጋራዥ ውስጥ ረስቷቸው ሄደ» እያለ ያስቀኝ ነበር።

መኪናይቱ ከገባች በአሥራ ዘጠነኛው ቀን፣ ከሌሊቱ በ10 ሰዓት፣ አጎቴ መብራቷን አብርቶ ባዶዎቹን የወተት ዕቃዎች ጫነና ቁልፉን አዞረ። መኪናይቱ «ጠቅ፣ ጠቅ» አለች እንጂ አልተነሣችም። ደጋግሞ ሞከረ፤ እምቢ አለች። አባቴ፣ እናቴ፣ እኔና ሁለት ጎረቤቶች ወጥተን ገፋናት። በጉለሌ ቁልቁለት አይጠፋምና፣ አጎቴ መብራቱን አጥፍቶ፣ ማርሽ አስገብቶ፣ ፍሪሲዮኑን ሲለቅ ተነሣች። አንደኛው ጎረቤታችን እጁን እያራገፈ «አዲስ መኪናም ይገፋል እንዴ?» አለ። አጎቴም «በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያይቱ አውቶሞቢል ለአፄ ምኒልክ ከቀረበች ወዲህ መኪና ያልገፋ ኢትዮጵያዊ የለም» ብሎ መለሰለት። ሁላችንም ሳቅን፤ አባቴ ግን አልሳቀም።

መኪናይቱ ዋስትና ስላላት በዚያው ቀን ወደ ሻጩ ድርጅት ጋራዥ ወሰዷት። ባትሪዋን ያለ ክፍያ ቀየሩላት። ወዲያውም ከየካቲት 13 ጀምሮ ዐቢይ ጾም ገባ፤ በእነዚያ 55 ቀኖች የወተት ገበያ ይቀዘቅዛልና መኪናይቱ በቀን በቀን ፋጉሎና ፍሩሽካ እየጫነች ወደ ሱሉልታ ትመላለስ ነበር። ፋጉሎ ከባድ ጭነት ነው፤ ከጉለሌ ወደ እንጦጦ ያለውም ዳገት ብርቱ ነው። ሆኖም በዚያን ጊዜ ሁሉ አንድ ቀንም አላስቸገረችንም። እኛም ችግሩ የባትሪ ብቻ ነበር ብለን ረሳነው።

ፋሲካ በሚያዝያ 8 ቀን ዋለ። ከዚያ በኋላ በሳምንቱ፣ አጎቴ ወተት ሞልቶ ከሱሉልታ ሲመለስ፣ ገና ሳይነጋ የሙቀት መለኪያዋ መርፌ ተነሥታ ቀዩ ውስጥ ገባች። ወዲያው ዳር ይዞ አቆመ። ኮፈኑን ከፍቶ ቢያይ እንፋሎት የለም፤ ውኃውም አልፈላም። ቢሆንም አዲስ ሞተር እንዳይቃጠል ፈርቶ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆመ። ከተማ ሲደርስ ደንበኞቹ ከሌላ ገዝተው ጨርሰዋል። ወተት እንደ ጤፍ ለነገ አይቀመጥም፤ ስለዚህ እናቴ የተረፈውን አረጋችው፤ ቅቤውን አወጣች፤ አይቡን ለየች። ያን ሳምንት ቁርሳችንም ምሳችንም አይብ ነበር። ታናሽ ወንድሜ «እማዬ፣ ዛሬ ደረቅ እንጀራ ብቻ ስጪኝ» እስኪል ድረስ ሰለቸን።

በጋራዡ ያሉ ሰዎች «የእንጦጦ ከፍታ ነው፤ ውኃ ከፍ ባለ ቦታ ቶሎ ይፈላል» አሉ። እኔም ይህንን ይዤ የፊዚክስ መምህራችንን ጠየቅሁ። መምህራችን ነገሩ እውነት መሆኑን ነገሩን። ውኃ በባሕር ጠለል በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ባለችው በአዲስ አበባ በ92 ዲግሪ ገደማ፣ በ3,000 ሜትር ላይ ደግሞ በ90 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። «ነገር ግን» አሉ መምህራችን፣ «የራዲያተር ክዳን አጥብቆ የሚዘጋው ለምን ይመስላችኋል? እንፋሎቱን አፍኖ ግፊቱን ከፍ ስለሚያደርገው፣ ውኃው እንጦጦም ላይ ቢሆን ከ100 ዲግሪ በላይ ሳይደርስ አይፈላም። ደኅና መኪና በከፍታ ምክንያት ብቻ አትፈላም።» እውነትም ስንቱ አሮጌ አይሱዙ በየቀኑ ያንን ዳገት ይሻገር የለምን?

ጋራዡ ቴርሞስታት የሚባለውን ዕቃ ቀየረ። ከአሥር ቀን በኋላ መርፌዋ እንደ ገና ተነሣች። በዚህ ጊዜ አጎቴ አንድ ነገር አስተዋለ። መኪናይቱን አቁሞ፣ ሁሉን አጥፍቶ፣ ቁልፉን ብቻ መልሶ ቢከፍት መርፌዋ ወርዳ አገኛት። «ውኃ እንዲህ በአንድ ጊዜ አይበርድም» አለኝ ማታ። «ይህንን ነገር ጻፊልኝ፤ እኔ ጋራዥ ስደርስ ግማሹን እረሳዋለሁ።»

ሰማያዊው ደብተር የተጀመረው በዚህ ቀን ነው። ግማሹ የስምንተኛ ክፍል ሒሳብ የተሠራበት ነበር፤ ባዶ በቀረው ገጽ ላይ መሥመር አሰመርሁ። ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ ጭነት፣ የአየሩ ሁኔታ፣ ነጂ፣ የሆነው ነገር፣ የተቀየረው ዕቃ የሚሉ ዐምዶች አወጣሁ። ያለፉትንም አጎቴን እየጠየቅሁ መዘገብሁ። በአንዱ ረድፍ ላይ «ምናልባት አጎቴ ፈጥኖ ነድቶ ይሆናል» ብዬ ጽፌ ነበር። ኋላ ግን መምህራችን ስለ ሙከራ ሲያስተምሩ «ያያችሁትን ብቻ ጻፉ፤ የገመታችሁትን አትጻፉ» ያሉት ትዝ አለኝና ሰረዝሁት። ስርዙ እስካሁን ይታያል፤ ባየሁት ቁጥር አፍራለሁ።

በግንቦትና በሰኔ ዝናቡ ሲጀምር ነገሩ ባሰ። አንድ ሌሊት የፊት መብራቶቿ ፈዝዘው እንደ ኩራዝ ሆኑ፤ ዲናሞዋን ቀየሩላት። ሌላ ሌሊት አዲሱ ገበያ አጠገብ በመንገድ መካከል ሞተሯ ጠፍቶ ቀጥ አለች፤ ኋላም አልነሣ ስትል ሞተሪኖዋን ቀየሩላት። ወደ ጋራዥ በሄደች ቁጥር ግን በጠራራ ፀሐይ ያስነሧታል፣ ትነሣለች፤ በግቢው ውስጥ ያዞሯታል፣ ትዞራለች፤ «ምንም የለባትም» ብለው ይመልሷታል። በመጨረሻም ከጽሕፈት ቤቱ ሠራተኞች አንዱ አባቴን ለብቻው ጠርቶ፣ «መኪናይቱስ ደኅና ናት፤ የነጂዎን አነዳድ ቢመለከቱ ይሻላል» አለው።

ይህ ቃል በአባቴ ልብ ውስጥ ገባ። በአባቴ አልፈርድም፤ የባንኩ ዕዳ ወር ጠብቆ ይመጣል፤ ወተቱ ይበላሻል፤ ገበሬዎቹም «ዛሬስ ትመጣለህ ወይስ ለሌላ እንስጥ?» ማለት ጀምረው ነበር። የተጨነቀ ሰው ጥፋተኛ ይፈልጋል፤ ጥፋተኛም በቅርቡ አይጠፋም። በሰኔ ወር መጨረሻ፣ ማታ፣ ራት ሊቀርብ ሲል፣ አባቴ አጎቴን «እጅህ ከባድ ነው፤ የሰው መኪና እያንገላታህ ለምደህ የእኔንም ገደልካት» አለው።

አጎቴ ብዙ አልተናገረም። ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «ጋሼ፣ እኔ አልገደልኳትም። አንድ ቀን ይታወቃል» አለና ወጣ። እናቴ እንጀራውን እንደያዘች «ኧረ ራትህን!» እያለች እስከ በር ተከተለችው፤ አልተመለሰም። እኔም በዚያ ክፍል ውስጥ ነበርሁ። ደብተሩም በቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ዘጠኝ ረድፍ ተጽፎበታል። አንድም ቃል አልተነፈስሁም። በታላላቆች ነገር ልጅ አይገባም ብዬ ነበር፤ እውነቱን ስናገር ግን የምለው ነገርም አልነበረኝም፤ የጻፍሁትን አንድ ጊዜም አላነበብሁትም ነበርና።

ከዚያ በኋላ አባቴ ራሱ መንዳት ጀመረ። ትምህርት ቤት ስለ ተዘጋ እኔም ዕቃ ለመቁጠር አብሬው እሄድ ነበር። አባቴ ሲነዳ እንቁላል የጫነ ይመስላል፤ ጉድጓድ ባየ ቁጥር ይቆማል። በሐምሌ 9 ቀን፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ሲሆን፣ ከሱሉልታ ስንመለስ መኪናይቱ ሁለት ጊዜ ተንገጫግጫ ሞተሯ ጠፋ። ዝናብ ይዘንብ ነበር። አባቴ መሪውን እንደያዘ ዝም ብሎ ተቀመጠ። እኔም ዝም አልሁ። ከብዙ ጊዜ በኋላ «ደብተርሽን ይዘሻል?» አለኝ። «ይዣለሁ፣ አባባ።» «እስቲ ስጪኝ።»

አባቴ ትምህርቱን ከአራተኛ ክፍል ያቋረጠ ሰው ነው። በእጅ ባትሪ እያበራሁለት፣ በትልልቅ ፊደል፣ ራሱ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ «ሐምሌ 9። ሌሊት 11 ሰዓት። ነጂ እኔ። ቆመች።» ከዚያም ደብተሩን መለሰልኝና ወደ ዝናቡ ወጣ።

ከዚያ በኋላ አራት ጊዜ ደግሞ አስቸገረችው፤ አራቱንም እርሱ ራሱ ጻፈ። አንድ ማታ እኔና አባቴ ደብተሩን ከፍተን አሥራ አራቱን ረድፍ ከላይ እስከ ታች አነበብን። ዘጠኙን አጎቴ፣ አምስቱን አባቴ ነድቷል። ስለዚህ ነገሩ የእጅ አይደለም። በጭነትም ባዶም ሆና ቆማለች፤ ስለዚህ የጭነት አይደለም። በዳገትም በሜዳም ቆማለች፤ ስለዚህ የእንጦጦም አይደለም። አባቴ «ታዲያ የምንድን ነው?» አለ። አላወቅሁም። የወንድሙ አለመሆኑን ግን ሁለታችንም አወቅን፤ አባቴም ያን ሌሊት አልተኛም።

ከእኛ በላይ አንድ አዛውንት ጎረቤት አሉ፤ በፍርድ ቤት ሬጅስትራር ሆነው ብዙ ዘመን አገልግለው ጡረታ የወጡ ናቸው። አባቴ ሊያማክራቸው ሄደ። «ጋራዥ ሄደህ ጮህህ፤ ጩኸትህን ፋይል ያደርጉታል? ጻፍ እንጂ!» አሉት። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ገዢ የገዛውን ዕቃ በጊዜው እንዲመረምር፣ ጉድለት ቢያገኝም ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያስታውቅ እንደሚያዝ፣ ካስታወቀም በኋላ በአንድ ዓመት ውስጥ ክስ ካላቀረበ መብቱን እንደሚያጣ አስረዱት። ያንኑ ዕለት ደብዳቤ አረቀቁለት፤ እኔም ከሰማያዊው ደብተር አሥራ አራቱን ረድፍ በንጹሕ ወረቀት ገልብጬ አያያዝሁበት። አባቴ ደብዳቤውን በመዝገብ ቤት አስፈርሞ ሰጠ።

ፍልሰታ ነሐሴ 1 ቀን ሲገባ ወተቱ ስለሚቀንስ መኪናይቱን እዚያው ጋራዥ ተውናት። በሦስተኛው ቀን ተጠራን። የተቀበሉን ከዚያ በፊት ያላየናቸው፣ ጠጉራቸው የሸበተ፣ መነጽራቸውን በክር ያሠሩ መካኒክ ነበሩ። ወረቀቱን በእጃቸው ይዘዋል። «ይህንን የጻፈው ማን ነው?» አሉ። አባቴ ወደ እኔ አመለከተ።

«ልጄ፣ ሰዓቱን መጻፍሽ ጥሩ አድርገሻል» አሉኝ። «አሥራ ሦስቱ ሌሊት ነው። ይህች አንዲቱ ግን፣ ሐምሌ 24፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ትላለች። በዚያን ጊዜ ምን ነበር?»

አሰብሁ። «እንጦጦ ላይ ጉም ነበር» አልሁ።

«መብራት አብርታችሁ ነበር?»

«አዎን» አለ አባቴ፤ «ጉሙ መንገድ አላሳይ ስላለ አብርቼ ነበር።»

መካኒኩ ፈገግ አሉ። «እንግዲህ በአሥራ አራቱም ጊዜ መብራት በርቷል ማለት ነው። የእኛ ልጆች ደግሞ የሚመረምሯት በቀን፣ መብራቷ ጠፍቶ ነው። እንዴት ያግኙት?»

ወዲያውም ቴስተራቸውን አምጥተው አንዱን ጫፍ በባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሁለተኛውን በመኪናይቱ አካል ብረት ላይ አደረጉ። ሞተሩ ተነሥቶ መብራቱ ጠፍቶ ሳለ ቴስተሩ ወደ ዜሮ የቀረበ ቁጥር አሳየ። «አሁን መብራቱን አብራ» አሉት አባቴን። ቁጥሩ ዘልሎ ከ2 ቮልት በላይ ሆነ፤ የሙቀት መለኪያዋም መርፌ በዐይናችን ፊት ወደ ቀዩ መውጣት ጀመረች። «አጥፋ» አሉት፤ መርፌዋ ወረደች። «አብራ»፤ ወጣች። አባቴ እንደ ሕፃን ልጅ ሦስት አራት ጊዜ ሲያበራና ሲያጠፋ ዐየሁት።

ነገሩን እንዲህ ብለው አስረዱን። ኤሌክትሪክ ከባትሪው ወጥቶ ሥራውን ከሠራ በኋላ ወደ ባትሪው መመለሻ መንገድ ያስፈልገዋል። በመኪና ላይ መመለሻው የራሷ አካል ብረት ነው፤ አካሏ ደግሞ ከባትሪው ጋር የሚገናኘው በአንድ ገመድ ነው። ገመዱ በቡሎን የታሠረበትን ቦታ ፈትተው አሳዩን። ከሥሩ ነጭ ቀለም ነበር። መኪናይቱ ስትሠራ ብረቱ በዚያ ቦታ ላይ ሊፋቅ ይገባ ነበር፤ ሳይፋቅ በቀለሙ ላይ ታሠረ። ቀለም ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፤ የቡሎኑ ጥርስ በነካው ጥቂት ብረት ብቻ እየሾለከ ኖሯል። በቀን የሚመለሰው ኤሌክትሪክ ትንሽ ስለ ሆነ በዚያች ጠባብ በር ያልፋል፤ መብራት ሲበራ ግን ብዙ ይሆንና ይታፈናል። በዚህ ጊዜ መለኪያዋ ትዋሻለች፤ ሞተሪኖውን የምታዝዘው ትንሽ ዕቃ ኃይል ታጣለች፤ ሞተሩን የምትመራው ኮምፒዩተርም ትደነብርና ታጠፋዋለች። የክረምቱ እርጥበት ደግሞ ቡሎኑን አዝጎት ነበርና በሩ ይበልጥ ጠበበ። ያን የመጀመሪያውን ሌሊት ሁላችንም ተሰልፈን ስንገፋት፣ ያስነሣት የእኛ ጉልበት ይሁን የመብራቱ መጥፋት፣ እንጃ!

መካኒኩ ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት ፍቀው ብረቱን አበሩት፤ ገመዱን መልሰው አጥብቀው አሠሩት፤ እንዳይዝግም በላዩ ግሪስ ቀቡት። ሥራው ሩብ ሰዓት አልፈጀም። ባትሪ፣ ቴርሞስታት፣ ዲናሞ፣ ሞተሪኖ ተቀይረዋል፤ አራቱም ግን በሽታው የሌለባቸው ነበሩ። ድርጅቱ ይቅርታ ጠይቆ የዋስትናውን ጊዜ አራዘመልን። የፈሰሰውን ወተት ግን የሚመልስ አልተገኘም።

መኪናይቱ ከዚያ በኋላ አንድ ሌሊትም አልቆመችም። አባቴ ግን ደስታው ሙሉ አልሆነም። በጳጉሜን 3 ቀን፣ ሰፈራችን ሩፋኤልን ሲያነግሥ፣ ልጆችም እንደ ልማዱ በዝናቡ ሲጨፍሩ፣ አባቴ ከቤተ ክርስቲያን መልስ «ደብተርሽን ያዢና ተከተይኝ» አለኝ። አጎቴ አስኮ አንዲት ክፍል ተከራይቶ፣ በሌላ ሰው መኪና ላይ መሥራት ጀምሮ ነበር። በሩን ሲከፍት ሁለታችን በዝናብ ርሰን ቆመናል። «ግቡ» አለ እንጂ ሌላ አልጨመረም።

አባቴ ተቀመጠ፤ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ነገሩን መጀመር አቃተው። በመጨረሻ ደብተሩን ከእጄ ወስዶ በአጎቴ ጉልበት ላይ አስቀመጠው። አጎቴ ገጹን እየገለጠ ዘጠኙን የእኔን ረድፎች አነበበ። ወደ አሥረኛው ሲደርስ ትልልቆቹን ፊደሎች አየና ቀና አለ። «ነጂ እኔ። ቆመች» የሚለውን ጮክ ብሎ አነበበው። አምስቱንም አንድ በአንድ አነበባቸው። ከዚያም «ጋሼ፣ ጽሕፈትህ ዛሬም አልተሻሻለም» አለ።

አባቴ ተነሥቶ «ወንድሜ፣ ሳላጣራ ፈረድሁብህ፤ ይቅር በለኝ» አለው፤ ጎንበስም ሊል ሲል አጎቴ ዘሎ ትከሻውን ያዘው። «ኧረ ተው! ታላቅ ለታናሽ እንዲህ አይሆንም!» አለ። ሁለቱም አለቀሱ። እኔ ወደ ደጅ ወጥቼ ዝናቡን አየሁ። የ2016 ዓ.ም. እንቁጣጣሽ ሲደርስ አጎቴ በቤታችን ነበር፤ ቁልፉም በኪሱ።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ተማሪዎች፤ ከዚህ ነገር የተማርሁትን በአጭሩ ልንገራችሁና ልጨርስ። ጋራዡ ዕቃ ቀየረ እንጂ ምክንያት አልፈለገም። አባቴ ሰው ወቀሰ እንጂ ምክንያት አልፈለገም። እኔም ብሆን ከሁለቱ አልሻልም፤ እጄ እየጻፈ ልቤ አጎቴን ይጠረጥር ነበር፤ ዘጠኙ ረድፎች ግን ሁሉም በሌሊት የሆኑ መሆናቸውን ያን የጸብ ማታ አንብቤ ብናገር ኖሮ ምናልባት አጎቴ ራቱን ሳይበላ ባልወጣ ነበር። መጻፍ መልካም ነው፤ የጻፉትን መልሶ ያላነበበ ግን ካልጻፈው እምብዛም አይሻልም።

ሰማያዊው ደብተር አሁን በመኪናይቱ የዕቃ ሣጥን ውስጥ ይኖራል። የዘይት መቀየሪያውን ቀን የሚጽፍበት አጎቴ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ መነጽሩን አድርጎ የሚያነበው ደግሞ አባቴ ነው።